ኖራው የለቀቀበት ክረምት

ተልባ ዘይትና ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ሲቀላቀሉ የሚሰጡትን ሽታ ከአርባ ዓመት በላይ ከቤቴ አርቄው ኖሬአለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ሜሮን በሹራቧ እጅጌ ይዛው ገባች። ልትስመኝ ጎንበስ ስትል ሽታው ከእሷ ቀድሞ ደረሰኝና ሳላስበው ፊቴን አዞርኩባት።

«ምነው እማማ? ሸተትኩሽ እንዴ?»

«ምን ነክተሽ ነው የመጣሽው?»

«የዘይት ቀለም ነዋ! ሥዕል ልማር ነው ብዬሽ አልነበር?» አለችና ስልኳን አወጣች። አስተማሪዋ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የጥንት ሥዕል መርጦ እሱኑ አስመስሎ እንዲሠራ አዟል። እሷ የመረጠችው ሻሽ የመሰለ ነገር የተከናነበች ፈረንጅ ሴት ናት፤ ጥላውን ከየት እንደምትጀምር ግራ ገብቷታል። አየሁት። ጥላው ከአገጯ ሥር እንደሚጀምር አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ሜሮን ስልኳን እያሻሸች፣ «በእናንተ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር አልነበረም አይደል? ግን ደስ ይል ነበር። ሁሉ ነገር ርካሽ፣ ሰው ሁሉ የሚዋደድ...» አለችኝ።

ልጅቱ ምን አጠፋች? በየሬዲዮው፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶ ቤቱ የሰማችውን ነው የደገመችው። እኔን ግን ንዴቱ ከእግር ጥፍሬ ተነሣ። ሻይ አፍልቼ አጠጣኋት፣ ሸኘኋት፣ በሩን ዘጋሁና ሹራቧ ተደግፎት የነበረውን የሶፋ ጨርቅ ገፍፌ ዘፈዘፍኩት። ሽታው ግን አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

ርካሽማ ርካሽ ነበር። ከጳውሎስ ፒያሳ በውይይት ታክሲ፣ ፊት ለፊት ተፋጥጠን ተቀምጠን፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን በስሙኒ እንወርድ ነበር። ሻይ ቤት የገባ ሰው በሳንቲም ሻይ ጠጥቶ፣ በሳንቲም ቦንቦሊኖ በልቶ፣ ስኳሩን ከጣቱ እየላሰ ይወጣል። የወንዶቹ ቤል ቦተም ሱሪ የሰፈሩን አቧራ እየጠረገ ይሄዳል፤ እኛ ሴቶቹ በዚያ ጭቃ ላይ በታኮ ጫማ ስንራመድ ያየ ሰው በገመድ ላይ የምንሄድ ይመስለው ነበር። ከጳውሎስ ሆስፒታል አጥር ማዶ አንዲት የዘፈን ሸክላ ቤት ነበረች። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ አንድ አዲስ ዘፈን ሲያገኝ ሰፈሩ እስኪንገፈገፍ ይደጋግመዋል፤ ከዚያ በሽተኛውም፣ ጠያቂውም፣ ከቁስቋም ቁልቁል የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶችም ያንኑ ዜማ እያንጎራጎሩ ያልፋሉ። አሁን ያ ጥግ ተቆፍሮ፣ ተለጥጦ፣ የብስክሌት መንገድ ወጥቶለት፣ ባለ ብዙ አምፖል ምሰሶ ተተክሎበታል። ሸክላ ቤቷ በነበረችበት ቦታ የባንክ ገንዘብ ማውጫ ማሽን ቆሟል። ይህን ሁሉ እኔም እያስታወስኩ እስቃለሁ፣ እናፍቃለሁም። የሚያንገበግበኝ ሰዎች ሲያወሩ እዚያ ላይ ማቆማቸው ነው። ከቦንቦሊኖው በኋላ የመጣውን አያወሩም።

ቤታችን ከሆስፒታሉ ወደ ሩፋኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። እናቴ አስካለ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሰፈሩ «አስካለ ሰፊዋ» ይላታል። የስፌት መኪናዋን በር ላይ አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የዲያቆን ቀሚስ፣ የሙሽራ ቬሎ ሳይቀር ትሰፋ ነበር። አባታችን ታናሼ ተካ በተወለደ በዓመቱ ስለሞተ ቤቱ የሦስታችን ነበር፤ የእማዬ፣ የእኔና የተካ። ተካ በሁለት ዓመት ነው የሚያንሰኝ፤ ቢሆንም ሊያናድደኝ ሲፈልግ እንደ ትልቅ ሴት «እትዬ ዘነበች» ይለኛል። ጎፈሬው ውስጥ ሚዶ ሰክቶ ይወጣና ሚዶውን እዚያው ረስቶ ቀኑን ሙሉ ኳስ ይጫወታል። አንድ ሥራ ላኩት ከተባለ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ሲመጣ ግን ያረፈደበትን ምክንያት በጭፈራ ጭምር ስለሚያስረዳ እማዬ ሳትወድ ትስቃለች።

ጋሽ ውብሸት የእማዬ ደንበኛ ነበሩ። ውጭ አገር ሥዕል ተምረው የመጡ፣ ሚስት ያላገቡ፣ አንዲቱን ኮታቸውን እያስገለበጡ የሚለብሱ ሰው። ጨርቅ በሚሰመርበት ጠመኔ በቁራጭ ጨርቅ ላይ የደንበኞችን ፊት ስስል አይተው፣ «አስካለ፣ ይህችን ልጅ ለእኔ ስጪኝና ሠዓሊ ላድርግልሽ» አሏት።

«ሠዓሊ እንጀራ ይበላል?» አለች እማዬ።

«እኔን አታዪኝም?»

«ስለማይዎት እኮ ነው የጠየቅኩዎት።»

ሳቁ። እማዬም ሳቀች። በማግሥቱ ወደ ክፍላቸው ሄድኩ።

ክፍላቸው ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ፣ የኮክ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ ነበረች። እኔ አበባና ጎጆ ቤት የሚያስጀምሩኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሥዕል አወጡ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኖረ የጣሊያን ሠዓሊ ሥራ ነው አሉኝ። ከመስቀል የወረደ ወጣት በነጭ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል፤ አንድ እጁ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል፤ ራሱ ዘንበል ብሏል። ሌላ ማንም የለም።

«ይህን አሳድገሽ፣ የሰው ቁመት አድርገሽ ትሠሪዋለሽ» አሉኝ።

«እኔ?! በትንሽ ብጀምርስ ጋሼ?»

«ትንሽ ከሆነ ስህተትሽ ይደበቃል። ትልቅ ሲሆን መደበቂያ የለውም።»

እማዬ ሁለት ወርድ አቡጀዲ ገጣጥማ ሰፋችልን፤ ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር በመሐል ያልፋል። ጋሽ ውብሸት በእንጨት ላይ ወጠሩትና ኮላ ቀባነው፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር። ዘይቱን ተልባ ከሚጨመቅበት ቤት በጠርሙስ አመጣን። መጀመሪያ ሥዕሉን በሙሉ በስስ ቡናማ ብቻ አሠሩኝ፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ። ስንት ጊዜ በአኳራጅ አጥበው አስጀመሩኝ! ከዚያ ግራጫ፤ ሥጋው ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ንብብር በንብብር። አንድ ነገር ሳይደጋግሙ የዋሉበት ቀን የለም፤ «ስሱ ከታች፣ ቅባቱ ከላይ። የዘይት ቀለም በውሃ ቀለም ላይ ይተኛል፤ የውሃ ቀለም ግን በዘይት ላይ ቢተኛም አያድርም።» እኔም ሰለቸኝና እሳቸው ሳይጨርሱት እጨርስላቸው ጀመር።

ሥዕሉ የተንጠለጠለው እጅና የጎኑ አጥንት ጋ ሲደርስ ተቸገርኩ። ወረቀቱ እዚያ ላይ እርጥበት ነክቶት ቆሽሿል። በግምት ልሠራው ስል ብሩሼን ከእጄ ነጠቁኝ። «ያላየሽውን አትሳዪ። ሕያው ሰው አስተኚና እዪ» አሉ። ማንን ላስተኛ? ተካን ለመንኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ካልሲውን እንዳጥብለት ተስማምተን መጣ፤ ሸሚዙን አውልቆ በጋሽ ውብሸት አግዳሚ ላይ ተጋደመ፣ እጁን አንጠለጠለ። አምስት ደቂቃ አልቆየም።

«እትዬ፣ አፍንጫዬን በላኝ።»

«ሬሳን አይበላውም። ዝም በል።»

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ያንን የሸክላ ቤት ዘፈን በአፍንጫው ማንጎራጎር ጀመረ። ደረቱ ሲርገበገብ የያዝኩት መስመር ሁሉ ጠፋብኝ። ጋሽ ውብሸት እየሳቁ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያ በጋ እንዲህ አለፈ። ተካ ከኳስ መልስ ላቡ ሳይደርቅ እየመጣ ይጋደማል፤ እኔ አያለሁ፤ እሠራለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው የገረጣ ፈረንጅ ነው፤ ፊት ለፊቴ የተኛው ደግሞ ጠይም ልጅ። የቱን ልከተል ብዬ ጋሼን ስጠይቃቸው «ዓይንሽ ፊት ያለውን» አሉኝ። ስለዚህ የጣሊያኑ ሠዓሊ ያላወቀውን ቡናማ ፍለጋ ገባሁ፤ ቀይ ቡናማ ላይ ትንሽ አረንጓዴ፣ ክንዱ ላይ ደግሞ ወይን ጠጅ የሚመስል ጥላ። ጎፈሬውንም እንዳለ ሠራሁት። ሲያልቅ ተካ እጁን ኪሱ ከቶ ከፊቱ ቆመ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀልድ ጠፋበት። ኋላ ግን አገኘው፤ «እንዲህ የማምር ሬሳ ከሆንኩማ ቶሎ ልሙታ!» አለ። በእጄ የያዝኩትን የብሩሽ መጥረጊያ ወረወርኩበት።

ያ ወቅት ወጣት የሆነ ሁሉ የሚታደንበት ወቅት ነበር። ማን ማንን፣ በምን ምክንያት እንደሚያድን የሚጽፉ ሰዎች ጽፈውታል፤ እኔ አልገባበትም። እኔ የማውቀው ተካን እማዬ ክር እንዲገዛላት ልካው፣ ሲመለስ የቀበሌ ጥበቃዎች ከደጃፋችን እንደወሰዱት ነው። ክሩ በእጁ ነበር። እማዬ በየቀኑ ምግብ በሳህን ቋጥራ ወደታሰረበት ትወስዳለች፤ ባዶውን ሳህን ትቀበልና በልቷል ብላ ተደስታ ትመጣለች። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ሰው ሳህኑን ሳይቀበላት፣ «ማዘር፣ ከዛሬ ጀምሮ ምግብ አታምጪ» አላት። ያኔ በአዲስ አበባ የዚያን ዓረፍተ ነገር ፍቺ የማያውቅ እናት አልነበረም። እማዬ ምግቡን እንደቋጠረች ተመልሳ መጥታ የስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጠችው።

ሬሳ የለም። መቃብር የለም። ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ፣ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ክልክል። ጎረቤት እንደ ሌባ በአጥር አሾልቆ ያይና ዓይኑን ይሰብራል፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ በራችንን የረገጠ አንድ ሰው አልነበረም። አልፈርድባቸውም ይላሉ ሰዎች። እኔ እፈርድባቸዋለሁ። አብሮ ቅርጫ የበላ ጎረቤት ቢያንስ ደጅ ላይ ቆሞ ማሳል ይችል ነበር።

በሦስተኛው ቀን እማዬ «አምጪው» አለችኝ።

«ማንን?»

«ልጄን።»

ገባኝ። ከጋሽ ውብሸት ጋር ሸራውን በአንሶላ ሸፍነን በጠራራ ፀሐይ ተሸክመን አመጣነው። እማዬ መሬቱን ጠርጋ፣ የእሷን ነጭ ጋቢ አንጥፋ ጠበቀችን። ሸራውን ጋቢው ላይ አጋደምነው። ጋሽ ውብሸት ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥግ ላይ ቆሙ። እማዬ በሩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረችና «መኪናውን ርገጪ» አለች። ጨርቅ የሌለበትን የስፌት መኪና በባዶ መርገጥ ጀመርኩ። በዚያ ጩኸት ሥር እማዬ ልጇን አለቀሰች። ግንባሩን፣ የተንጠለጠለ እጁን፣ እኔ በብሩሽ ያወጣሁትን እያንዳንዱን የጎን አጥንት እየዳሰሰች በስሙ እየጠራች አለቀሰች። ሲደክማት እሷ ትረግጥና እኔ አለቅሳለሁ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው አስካለ ሰፊዋ ሥራ በዝቶባታል ብሎ ያልፋል። ሥዕል መማር ምን እንደሚጠቅም ለሚጠይቀኝ ሰው ሌላ መልስ የለኝም።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ደምሴ ይባላል። «ጓድ ደምሴ» ነበር የምንለው፤ ያኔ ገና ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ካፖርት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ፣ ሲናገር አውራ ጣቱን ቀበቶው ውስጥ የሚሰካ ሰው። በዓል እየቀረበ ነበርና እማዬን ባንዲራ ሊያሰፋት መጣ። ሸራው ፊቱን ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆሟል። «ጨርቅ ጠፋ እየተባለ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ አዞረው። ረጅም ጊዜ አየው። ተካን ያውቀዋል፤ ቀበሌው ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ስንት ጊዜ አጨብጭቦለታል። ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። «ለመፈክር ይሆናል። ልጅሽ ደግሞ እጇ ይጽፋል አሉ፤ እሷው ትጻፈው» አለና ሁለት ጥበቃዎች አስይዞት ሄደ።

በማግሥቱ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ሸራውን ከአጥሩ ጋር አቁመው አንድ ባልዲ ኖራና አንድ ጣሳ ቀይ የውሃ ቀለም ሰጡኝ። ኖራ! ቀለም ቤት ሄደው የዘይት ቀለም ገዝተው ቢሆን ኖሮ ተካ እዚያው ለዘላለም ይቀበር ነበር። የጋሽ ውብሸት ቃል ጆሮዬ ላይ መጣ፤ «ቢተኛም አያድርም።» አፌን ዘጋሁ። ጥበቃው ሲጋራ ሊለኩስ ዞር ሲል ባልዲው ውስጥ ተጨማሪ ውሃ ገለበጥኩበት። ከዚያ ወንድሜን ከእግሩ ጀምሬ በነጭ ሸፈንኩት፤ እግሩን፣ ጉልበቱን፣ ሆዱን፣ ደረቱን። ፊቱ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። «ቶሎ በይ እንጂ!» አለ ጥበቃው። ቀባሁት። ሲደርቅ የሚጻፈውን በወረቀት ሰጡኝ፤ ረጅም ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን «ወደፊት» የሚል ነበር። «ወደ» ብዬ ደረቱን አለፍኩ። «ፊት» የሚሉት ሁለት ፊደላት ልክ ወንድሜ ፊት ላይ ዐረፉ። ያንን ቃል ዛሬም ድረስ ሰው አፍ ላይ ስሰማው ጥርሴ ይንገጫገጫል።

መፈክሩን ከሆስፒታሉ ዝቅ ብሎ ባለው መታጠፊያ፣ በሁለት የስልክ እንጨቶች መካከል ሰቀሉት። እማዬ እዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር ስፌቷን ታየዋለች፤ የራሷን ስፌት አትስትም። ከሥሩ ትቆማለች፣ ቀና ትላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ይባስ ብሎ ጓድ ደምሴ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «መፈክር ቆማ የምታነብ እናት አለችን። ከወይዘሮ አስካለ ተማሩ!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እማዬ ቀና ብላ አየችውና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሁሉም ሲያጨበጭብ እጁን ያጠፈ ሰው ይታያልና። ከሁሉ ከሁሉ ያን ጭብጨባ የት ላድርገው?

ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ በኩል በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። እኔ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ተጠልዬ ነበር። መጀመሪያ ቀዩ ፊደል እንደ ደም እየሰመረ ወረደ። ከዚያ ኖራው ተላጠ። ሁሉም አልወጣም፤ የተንጠለጠለው እጅ ወጣ፣ የጎኑ አጥንት ወጣ፣ ከፊቱ እኩሌታውና ጎፈሬው ወጣ። አንድ ጠይም ልጅ በጉለሌ መንገድ ላይ፣ በአየር ላይ ተጋድሞ ታየ። ቅጠል ተሸክማ ከቁስቋም የምትወርድ አንዲት ሴት ሸክሟን መሬት ላይ አወረደች፤ ዝናቡ እየመታት ቆመች። ሌሎችም ቆሙ። የተናገረ የለም። ዓይኖቻቸው ግን ያውቁት ነበር። እነዚያው ጎረቤቶቻችን ነበሩ፣ ደግሞም ስሙን ያውቁታል። ጥበቃዎቹ እየሮጡ መጥተው ገመዱን በሳንጃ ቆረጡት።

እኔን ከሻይ ቤቱ ወሰዱኝ። የተደረገብኝን ሁሉ አልናገርም፤ የውስጥ እግሬ ዛሬም ብርድ ሲሆን ይነግረኛል። በሁለተኛው ቀን ጓድ ደምሴ ፊት አቀረቡኝ። የረጠበው ሸራ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። እማዬ በሩ ላይ በሁለት ጥበቃዎች መሐል ቆማለች። ማንም ሳይጠራቸው ጋሽ ውብሸት መጡ፤ ያቺን የመዳፍ ሥዕል ከመጽሐፍ ውስጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ጌታዬ፣ ይህ የጣሊያን አገር ሥዕል ነው። ልጅቱ የእኔ ተማሪ ናት፤ ይህን አይታ ስትለማመድ ነው። ሌላ ነገር የለውም።»

ጓድ ደምሴ ወረቀቱን አየ፣ ሸራውን አየ። «ፈረንጅ ጎፈሬ አለው እንዴ?»

«ጀማሪ ናት። ጸጉር ገና አልቻለችም።»

«መልኩስ? ጠቁሯልሳ።»

«ቆዳም አልቻለችም» አሉ ጋሽ ውብሸት፤ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ንገሪኝ። ወንድምሽ ነው?»

እማዬን አየኋት። በዓይኗ «በይ» አለችኝ። አንድ ልጅ ቀርቷት ነበር።

«አይደለም።»

«ጮክ በይ።»

«ወንድሜ አይደለም!»

ሳቀ። እንደ ትንሽ ነገር ሳቀና ልቀቋት አለ። ሰው ይቅር በይ ይለኛል። ቄሱም ይሉኛል፣ ልጄም ትለኛለች፣ ሬዲዮውም ይለኛል። ግርፋቱን ይቅር ልል እችል ይሆናል። እናቴ እየሰማች ወንድሜን በገዛ አንደበቴ አስክዶኝ የሳቀውን ሳቅ ግን ከምኑ ጀምሬ ይቅር ልበለው?

ሸራውን ቆራርጠው ለጥበቃዎቹ ጎጆ ጣሪያ አደረጉት አሉ፤ አላየሁም። ጋሽ ውብሸት ብዙም ሳይቆዩ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ትውልድ አገራቸው ሄዱ። ሊሰናበቱን መጥተው ለእማዬ እጅ ነሡ፤ እኔን ወደ ደጅ ይዘውኝ ወጡና «ዘነበች፣ ጸጉሩንም ቆዳውንም ችለሽው ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ብሩሽም አልያዝኩም። ታይፕ ተምሬ መሥሪያ ቤት ገባሁና ጡረታ እስክወጣ የሌላ ሰው ቃል ስመታ ኖርኩ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። እማዬ ብዙ ዓመት ኖራ ስታርፍ ዕድሩ ትልቅ ድንኳን ጣለ፤ ቁስቋም ስንቀብራት ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ሁሉም እያቀፈ አጽናናኝ። እኔ ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እናደድ ነበር። ዕቃው ሁሉ፣ ወንበሩ፣ ጡሩምባው፣ ሰዉ ሁሉ ለካ ነበረ! ለተካ ጊዜ የት ነበር?

ከሜሮን ጋር ከተያየን በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ጳውሎስ ወረድኩ። ፋርማሲው ጢም ብሏል፤ ተማሪዎች በነጭ ጋዋን፣ አስታማሚዎች ፔርሙስ ይዘው። ወረፋው ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ምርኩዝና መቁጠሪያ የያዙ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ። አንዷ ወንበር ስትለቅላቸው ይመርቃሉ፣ ሌላው መንገድ ሲለቅላቸው ይመርቃሉ። ዞር ሲሉ ዓይናችን ተጋጨ።

«አንቺ... የአስካለ ሰፊዋ ልጅ አይደለሽም? ሠዓሊዋ!»

በድምፁ ነው ያወቅኩት። ደምሴ ነው።

«ነኝ» አልኩ። «እርስዎም አልጠፉኝም።»

«ወይ ጉድ! ምን የመሰለ የእጅ ጽሑፍ ነበር የነበረሽ እኮ! ደግ ዘመን ነበር፤ ሰው ለሰው ይተዛዘን ነበር። እናትሽስ?»

«አርፋለች።»

«ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር። ያ ወንድምሽስ? ጎፈሬው፣ ኳስ ተጫዋቹ። ውጭ አገር ሄደ ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ። ደህና ነው?»

ፊቱን አየሁት። ረስቶት ይሁን ወይስ እያወቀ፣ ከዚያ የተሸበሸበ ፊት ላይ ማንበብ አልቻልኩም። የትኛው እንደሚብስም አላውቅም።

«ወንድሜ ሞቷል» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ፤ የፋርማሲው ሰው ሁሉ ዞረ። «ተካ ነው ስሙ። ከደጃፋችን ወሰዳችሁት። ሬሳውን አልሰጣችሁንም። እንዳናለቅስ ከለከላችሁን። በገዛ እጄ ኖራ ቀብቼ እንድሸፍነው አደረግከኝ። ወንድሜ አይደለም አሰኘኸኝ። ወንድሜ ነው! የእናቴ ልጅ፣ ታናሼ ነው!»

ከመደርደሪያው ኋላ ያለችው ልጅ መድኃኒት እንደያዘች ቀረች። ከኋላዬ የነበረች፣ ፔርሙስ የያዘች ሴት ክንዴን ያዘችኝ።

«ነፍስ ይማር፣ እናቴ» አለችኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ነፍስ ይማር» አለ ከጎኗ ያለው ሰውዬ። «ነፍስ ይማር» አለች ባለ ጋዋኗ ተማሪ። ቃሉ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ወረፋውን ዞረው። ተካ ከሞተ ጀምሮ ይህን ቃል ለእሱ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሽማግሌው ምርኩዙን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ነፍስ...»

«አንተ አትበል!» አልኩት።

ወረፋው ደነገጠ፤ ሽበታም ሽማግሌ በአደባባይ አንተ ሲባል በሰፈራችን አልተለመደም። እሱም አልጨረሰውም። ማንም አልገሠጸኝም። ወጣቱ ሁሉ እሱን ትቶ ወደ እኔ ያይ ነበር። መቁጠሪያውን ሰብስቦ፣ መድኃኒቱን ሳይወስድ፣ በምርኩዙ ደረጃውን እየፈለገ ወጣ። አላዘንኩለትም። ዛሬም አላዘንኩለትም።

ባለ ፔርሙሷ ሴት ከአግዳሚው ላይ ቦታ አስለቀቀችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን አልለቀቀችም።

«ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» አለችኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሥራ ሲላክ እንዴት እንደሚያረፍድ ጀመርኩላት፣ ምክንያቱን በጭፈራ ሲያስረዳን፣ እማዬ ሳትወድ ስትስቅ። ተራዬ ደርሶ ልጅቱ «ወይዘሮ ዘነበች!» ብላ ስትጣራ አልተነሣሁም። ገና እየነገርኳት ነበር።